«እናትየዋ የታለች?»

አቦ፣ ሰሞኑን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ የገጠመኝን ስሙኝማ! ሚስቴ ቀፊራ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፣ እኔ ባጃጅ እነዳለሁ። የክትባቱ ቀን ሲደርስ ልጃችንን አብዲን ታቅፌ ሄድኩ። ስገባ ወንበሩን ሁሉ እናቶች ይዘውታል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕልም ሁሉ እናትና ልጅ ነው። እዚህ አገር ልጅ አባት የለውም እንዴ? ነርሷ ገና ስታየኝ፣ «እናትየዋ የታለች?» አለችኝ። «ሥራ ላይ ናት፤ የአብዲ አባት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሲያለቅስ ምን ልታደርገው ነው? ለአንዷ እናት ስጥና ውጭ ጠብቅ።»

ደሜ ፈላ፤ ግን ንቅንቅ አላልኩም። መርፌው ሲወጋው አብዲ ቤቱን በጩኸት አናጋው። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ፣ «ወንድ የት ያውቅበታል!» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። እሹሩሩ ብትለው ባሰበት። ሌላዋ ተቀብላ ብታወዛውዘው ጭራሽ ትንፋሽ አጠረው። መልሼ ተቀበልኩና ደረቴ ላይ ለጥፌው እንደ ባጃጄ ሞተር «ድርርርር…» ማለት ጀመርኩ። ወላሂ፣ ወዲያው ጸጥ! ማታ ማታ የማስተኛው እኔ ነኛ፣ በዚሁ ድምፅ! ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም እንደ ሙሽራ ደረቴን ነፍቼ ነርሷን፣ «አሁንም ልውጣ?» አልኳት። ይሄኔ ያቺ ቅድም አብዲን የነጠቀችኝ ሴትዮ የራሷን ልጅ አስከትባ እያስጮኸች መጣችና ዘረጋችልኝ።

«አባ አብዲ፣ በአላህ፣ ሞተሩን ለኔም ልጅ አስነሳለት!»