የልጅ መርፌና የአያት መርፌ

እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ግሽ አባይ ሰፈር ያለ ጎረቤቴ ሁሉ የመድኃኒት ወረቀት የሚያስነብበው እኔን ነው። ትናንት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የልጅሽ መርፌ እንዴት ሆነ?»

«የእድገት ሆርሞኑ አለቀና የእናቴን የአጥንት መርፌ ልወጋት ነበር።»

«ምን ነካሽ እቴ!»

«ሁለቱንም ወረቀት አስነብቤ እኮ ነው። ‹ሁለቱም አጥንት ያሳድጋል፤ አንድ ነው› አሉኝ።»

«ማን? እኒያ እንግሊዝኛ አዋቂው ሽማግሌ?»

«እሳቸው። ደግነቱ ሐኪሙን ጠየቅሁት።»

«ምን አለሽ?»

«ጮኸብኝ! የእናቴ የሳሳ አጥንት ማጠንከሪያ ነው፤ በማደግ ላይ ላለ ልጅ አይሰጥም። ወረቀቱም ላይ ተጽፏል አለኝ።»

«ታዲያ ሄደሽ አልነገርሻቸውም?»

«ምን ብዬ? አፈርሁላቸው።»

ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁ፣ መነጽሬን ኪሴ ከተትሁ፣ ከሰፈሬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድሁ።