በአሮጌው ወረፋ

(በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል። ሚስታቸው ወይንሸት የልብ ኦፕራሲዮን ወረፋ የምትጠብቅባቸው ጋሽ ተካልኝ፣ የወረፋውን ሲስተም ከምትመራው ከሶስና ፊት ተቀምጠዋል።)

ጋሽ ተካልኝ፦ አልነሳም ብያለሁ፣ ልጄ። ከፈለግሽ ዘበኛ ጥሪ።

ሶስና፦ ኧረ በስመ አብ! ማንንም አልጠራም። የባለቤትዎ ስም ወረፋው ውስጥ አለ፤ አልጠፋም።

ጋሽ ተካልኝ፦ እሱንማ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅም ስትነግረኝ ከረመች። «በሂደት ላይ ነው» ትለኛለች። ጎረቤታችን ከኛ በኋላ ተመዝግቦ፣ ኦፕራሲዮን ሆኖ፣ ድኖ፣ ትናንት የዕድር ድንኳን ሲተክል አየሁት። የኛው ሂደት ወዴት ነው የሚሄደው?

ሶስና፦ ጎረቤትዎ የተመዘገቡት በአዲሱ ሲስተም ነው። ሲስተሙን ስንቀይር፣ አዲስ የሚመጣው በአዲሱ ይሂድ፣ የጀመረው ደግሞ በጀመረበት ይጨርስ አልን። መሀል ላይ ያለን ሰው ብናነሳው፣ የተመረመረው ሁሉ እንዳይበላሽበት ፈርተን ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ ደግ አስባችኋል። ታዲያ ለምን አይጨርስም?

ሶስና፦ ቆይ ልክፈተው... ባለቤትዎ ምርመራውን ሁሉ አልፈዋል። የቀረው የሐኪሞች ቦርዱ ውሳኔ ብቻ ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ ቦርዱ የት ነው የሚቀመጠው? ደጁ ላይ አድራለሁ።

ሶስና፦ ጋሽ ተካልኝ... ቦርዱ ፈርሷል። በአዲሱ አሠራር የሚወስነው አንድ ሐኪም ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ የፈረሰ ቦርድ ነው የምትጠብቀው?

ሶስና፦ አዎ። ማሽኑ ይልካል፣ የሚቀበል ሰው የለም። ገና አሁን ማየቴ ነው። እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ። ምነው አፈር በበላሁ!

ጋሽ ተካልኝ፦ አፈሩን ተይውና አዲሱ ውስጥ ክተችልኝ።

ሶስና፦ አሁኑኑ በእጄ አሻግራቸዋለሁ። ግን አዲሱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ አለው፤ ሳይመለስለት አያሳልፍም።

ጋሽ ተካልኝ፦ ጠይቂኝ።

ሶስና፦ ባለቤትዎ ያለ ደጋፊ ይራመዳሉ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ስትመዘገብ ይሄን ደረጃ እኔን ጥላኝ ነበር የወጣችው። «ና እንጂ፣ በሽተኛው አንተ ነህ እንዴ?» እያለች።

ሶስና፦ እዚህ አሮጌው ላይም «ትራመዳለች» ይላል። የያኔው ነው። አሁንስ?

ጋሽ ተካልኝ፦ አሁንማ የማገላብጣት እኔ ነኝ። የማይራመድ ሰው ምን ይሆናል?

ሶስና፦ አዲሱ «ኦፕራሲዮኑን አይችለውም» ይላል። ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ወረፋው ይዘጋል።

ጋሽ ተካልኝ፦ ትራመዳለች በይ።

ሶስና፦ ብልስ? ሐኪሙ ሊያያቸው አይደል? አባቴን አልዋሽም፣ እርስዎንም አልዋሽዎትም።

ጋሽ ተካልኝ፦ አታልቅሺ። አንቺ ካለቀስሽ እኔ ምን ይዤ ቤት እገባለሁ?

ሶስና፦ እንደሳቸው አሮጌው ውስጥ የቀሩ ሌሎችም አሉ። ዛሬውኑ አወጣቸዋለሁ፣ እምላለሁ። እሳቸውንም ላሻግራቸው?

ጋሽ ተካልኝ፦ ሌሎቹን ቶሎ አውጪ፣ አቅም ሳያንሳቸው። የኔን ግን አትንኪያት። እዚያው ትሁን፤ እዚያ ውስጥ ገና በእግሯ ትሄዳለች።