ድምፄ ያለ እኔ ሲያስጎበኝ

ጆሮ ስጡኝ፣ ጊዜያችሁን የሚክስ ነገር ላውራችሁ። ሽማግሌ እየጠየቅኩ በራሴ የተማርኩ የሞጣ ጋይድ ነኝ። አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ሰው ቢቸና ላይ እንግዶቹን ሳስጎበኝ «ለማስታወቂያ ነው» ብሎ ድምፄን በስልኩ ቀዳ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሳም።

ሰሞኑን ቢቸና ስሄድ ያ ሰው ለሌሎች እንግዶች ከከፈተው ስፒከር የራሴን ድምፅ ሰማሁት! «በቀኛችሁ የምታዩት ዋርካ ሽማግሌዎች ሰው የሚያስታርቁበት ነው» ይላል። እንግዶቹ ግን ፊታቸውን ወደ ተቃራኒው አዙረው ስለቆሙ በቀኛቸው ያለው ወፍጮ ቤት ነው። አንዲት እናት «ዋርካው የታለ ልጄ?» ብለው ሰውየውን ጠየቁት፤ አላወቀም። እኔ አላስቻለኝም፣ «በግራዎ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ሰውየው «ወንድም፣ ሥራችንን አትረብሽ!» ብሎ ገፈተረኝ። ድምፄን እያስወራ እኔን ዝም አሰኘኝ። እናንተም ከዚያ ድርጅት ጋር ከመጣችሁ፣ እስቲ ስፒከሩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት።