ስልክ ያላየው ማዕበል

ከደብረ ብርሃን ወደማስተምርበት አንኮበር ስጓዝ ሚኒባሱ ጎማው ተንፍሶ መንገድ ዳር ቆምን። አብረውን የተሳፈሩት የአልዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ አብዱልጀሊል ከተሳፋሪዎቹ መካከል የሰፈራቸውን ልጅ ፈሂማን ያገኟት ያን ጊዜ ነው። ፈሂማ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ከማዕበል አጥኚዎች ጋር ትሠራለች። ሐጂም ልጃቸው ኢስሀቅ ከታጁራ ወደብ ወደ ጅቡቲ ከተማ ሽንኩርት በጀልባ እንደሚያሻግር፣ የባሕሩንም ትንበያ ከስልኩ እያየ እንደሚነሣ በኩራት ነገሯት። እሷ ግን ሥራዋ ያንኑ ትንበያ ውኃ ላይ በተንሳፈፈ መለኪያ መፈተሽ መሆኑን ስትገልጽላቸው አልተዋጠላቸውም።

«ኮምፒውተር አስልቶ የጨረሰውን እንደገና መለካት ድካም አይሆንም ልጄ?» አሏት።

«ሐጂ፣ ስሌቱ ለሰፊው ባሕር ደኅና ነው። ዳርቻው ላይ ግን የባሕሩ ወለል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማዕበሉ ይታጠፋል፣ ይቆለላል። አንኮበር ሲዘንብ አልዩ አምባ ፀሐይ አይደለም? ለሁለቱ አንድ ትንበያ ቢነገርዎ ይበቃዎታል?»

«ከተሳሳተ ታዲያ ለምን አትጥሉትም?»

«የት እንደሚያሳንስ ካወቅን እናርመዋለን እንጂ አንጥለውም። እስካሁን እንዳየነው፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያለውን ማዕበል አሳንሶ ይናገራል።»

የተማረ ሰው ክርክር ብዙ ጊዜ ጆሮ ላይ ይቀራል፤ ይህኛው ግን የአባት ልብ ውስጥ ገባ። ሐጂ ወዲያው ለልጃቸው ደወሉ። ኢስሀቅ ጭኖ እንደጨረሰ፣ ስልኩም ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው እንዳለው፣ ነፋሱ ግን ከምሥራቅ እንደሆነ ነገራቸው።

«ሽንኩርቱ ይበስብስ፤ አንተ ቆይ» አሉት።

በሌላ ሳምንት አንኮበር ገበያ አገኘኋቸው። ያን ዕለት ቀድማ የወጣች ጀልባ ግማሽ ጭነቷን ባሕር ውስጥ ጥላ መመለሷን፣ ሰዎቹ ግን አልሐምዱሊላህ መትረፋቸውን አጫወቱኝ። እነፈሂማም ትንበያውን እያረሙ ለጀልበኞች በየጠዋቱ መናገር ጀምረዋል። በእርማቱ ተጓዡ ሕይወቱን፣ ነጋዴው ንብረቱን ያተርፋል፤ ባሕሩ ደኅና ሲሆንም ማንም በከንቱ ፈርቶ አይቀርም።

«ስልኩን ተዉ አላለችኝም፤» አሉኝ ሐጂ፣ «የቱ ጋ እንደማምነው ነው ያሳየችኝ። አሁን ኢስሀቅ ማንም ጀልባውን ተንሳፋፊው መለኪያ ላይ አስሮ ልኬቱን እንዳያዛባባት እየዞረ ይለምንላታል።»