የታንኳ ሠሪው መስክ

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በምትመለሰው የሞተር ጀልባ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪና የነዋሪውን ሥራ በቅጽ የሚሞላ ወጣት መዝጋቢ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ የሥራ መስኩ ሦስት ነው። እርሻ፣ ኢንዱስትሪ፣ አገልግሎት። የእርስዎ የቱ ነው?»

«የደንገል ታንኳ እሠራለሁ።»

«ደንገሉን ይዘሩታል?»

«ሐይቁ ያበቅለዋል። እኔ አጭጄ፣ አድርቄ፣ አስረዋለሁ።»

«እንግዲያው እርሻ አይደለም። ፋብሪካም የለዎትም።»

«ታንኳው ግን ይሄዳል።»

«በወሩ ይበሰብሳል እኮ፣ አባባ። የሚበሰብስ ነገር እንደ ምርት አይያዝም።»

«ድንች አይበሰብስም?»

ወጣቱ ሳቀ። «እኔ ምን ላድርግ? የአገር እድገት የሚለካው በዚህ ቅጽ ነው። ‹ሥራ የለውም› ብዬ ልጻፍና ይፈርሙ።»

«ሥራ የሌለውን ቀበሌው ከአገሩ ነቅሎ ወደ ሩቅ ቦታ ለሠፈራ እንደሚልከው እያወቅህ?»

«እሱ እኔን አይመለከተኝም።»

«ትናንት ምሳህን ምን በላህ?»

«ዓሣ።»

«አጥማጁ በምን ገብቶ አወጣው?»

«በታንኳ ነዋ።»

«ታንኳውን ማን ሠራው?»

ወጣቱ ቅጹንና እስክሪብቶውን ወደ ሽማግሌው ገፋ።

«አልፈርምም፣ ልጄ። እኔን ሥራ ፈት ብላ ‹አደግሁ› የምትል አገር ተሳስታ ቆጥራለች። እንደገና ትቁጠር።»

ባሌ ከሞተ ወዲህ በእሱ የስፌት መኪና ልብስ እየሰፋሁ ልጆቼን የማሳድገው እኔ፣ «ሥራ» በሚለው መስመር ላይ «የለኝም» ብዬ የሞላሁትን የዚሁ ምዝገባ ቅጽ ከቦርሳዬ አወጣሁና ጀልባዋ ወደቡ እስክትደርስ በእጄ ይዤው ተቀመጥሁ።