በሚኒባስ ያስጠፋሁት መዝሙር

ለማልጨነቅለት ሃይማኖት ጠበቃ ሆኜ አንዲት ልጅ ሰው ፊት አሳፍሬያለሁ። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ እየሄድን ነው። ጋቢና የተቀመጠችው ልጅ ሾፌሩን አስፈቅዳ ከስልኳ ጊታርና ድራም የሚያስገመግም ሙዚቃ ከፈተች። ደስ አለኝና ትከሻዬን እየነቀነቅሁ ማጨብጨብ ጀመርሁ። አጠገቤ ያሉት እናት ግጥሙን ሰማ አደረጉና "ኧረ ይሄ የጴንጤ መዝሙር ነው! አንቺም ከነሱ ነሽ እንዴ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ቤተ ክርስቲያን ከሳምሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ጾምም አልይዝም። ግን "አጥፊው! በዚህ ጩኸት ነው እግዜር የሚመሰገነው?" ብዬ የጮኽሁት እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ አሁን እኮ ሲያጨበጭቡ ነበር" አለች ልጅቷ።

"ዘፈን መስሎኝ ነዋ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላ አንዱ "እንግዲያው ዘፈን ክፈችልን!" አላት።

አጠፋችው። "ጊታሩን የሚመታው ወንድሜ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ሲያጨበጭቡ አይቼ፣ ሰው ወደደልህ ብዬ ልደውልለት ነበር።"

እንጅባራ ስንደርስ ቀድማ ወርዳ ሄደች። ዜማውን ግን እስከ ዛሬ ልብስ ሳጥብ አንጎራጉረዋለሁ። ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ፣ እባክሽ ይቅር በይኝ።