ቢጫው ክብ

በደርግ ጊዜ ነጌሌ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ቢጫ ጨርቅ ይዞ መጣ። «ለነገው ሰልፍ በቀዩ ባንዲራ መሀል የሚሰፋ ክብ ቁረጥልኝ። ሌላ ጨርቅ የለም» ብሎ አናቴ ላይ ቆመ። ክብ መቁረጥ እኮ ቀላል ነው፤ ጨርቁን አራት ታጥፋለህ፣ መሀሉ ያለበትን ማእዘን በጣትህ ይዘህ በክርና በጠመኔ ዙሪያውን ታሰምራለህ፣ ትቆርጣለህ። እኔ ግን ዓይኔ ወገቡ ላይ በታጠቀው ሽጉጥ ላይ ነበርና ከመሀሉ ሳይሆን ከጠርዙ ማእዘን ተነስቼ ቆረጥኩት። ስዘረጋው አራት ቁራጭ ረገፈ፤ እጄ ላይ የቀረው ባለ አራት ጫፍ ነገር ነው።

«መስቀል!» ብሎ ጮኸ። «በአብዮቱ ባንዲራ ላይ መስቀል?»

«ኧረ ጓድ፣ እኔ እስላም ነኝ!»

«አብዮቱ እስላም ክርስቲያን አያውቅም!» እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

ጎረቤቴ አዴ ሎኮ፣ ጨው ነጋዴዋ፣ ብቅ አሉ። «ናጋ? ሰላም ነው? ምንድን ነው ጩኸቱ?» አሉና የረገፉትን አራት ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ገጠሟቸው። ክብ! እንደገጠሟቸው ሰፋኋቸው።

በማግስቱ ባንዲራው ከፍ ሲል ፀሐይ ከኋላው መጣች። የስፌቱ መስመር ቢጫው ክብ ላይ መስቀል ሆኖ ቁልጭ አለ። ካድሬው ከሥሩ ቆሞ «አጨብጭቡ!» ይላል። ያን ቀን እንደኔ ያጨበጨበ አልነበረም።